ያልተገኘ መዝገብ፣ የተሰረዘ ተማሪ

ዩኒቨርሲቲ የአንድን ተማሪ ማስረጃ ሲጠራጠር የሚያደርገው የታወቀ ነው። ሬጅስትራሩ ማስረጃውን ኮፒ አድርጎ «ትክክለኛነቱ ተረጋግጦ ይላክልን» ከሚል ሸኚ ደብዳቤ ጋር ወደ ሰጪው ተቋም ይልካል። ሰንበትበት ብሎ መልስ ይመጣል። «ማስረጃው ከተቋማችን የተሰጠ ነው» ከተባለ ነገሩ አለቀ። «ማኅተሙም ፊርማውም የእኛ አይደለም» ከተባለም ነገሩ በሌላ በኩል አለቀ። ጣጣ ያለው ሦስተኛው መልስ ላይ ነው፦ «ስሙ የተጠቀሰው ተማሪ በመዝገባችን ላይ አልተገኘም»።

ይህ ሦስተኛው መልስ ፋይል ውስጥ ገብቶ ጥቂት ከቆየ እንደ ሁለተኛው መነበብ ይጀምራል። መዝገብ ያጣው ትምህርት ቤቱ ሆኖ ሳለ አጭበርባሪ የሚባለው ተማሪው ይሆናል። በሐሰተኛ ማስረጃ የገባ ሰው ከነምዝገባው፣ ተመርቆም ከሆነ ከነዲግሪው መሰረዝ አለበት፤ እዚህ ላይ የማወላውል አይደለሁም። ግን የጠፋን መዝገብ ከተፈበረከ ወረቀት ለመለየት ተማሪውን ጠርቶ ከመጠየቅ የተሻለ መንገድ እስካሁን አልተገኘም። በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ደግሞ ነገሩ ከሌላው አካባቢ የባሰ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ማጭበርበሩ ራሱ። ግንቦት 2008 ላይ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተናው ተሰረዘና እንደገና ተሰጠ። በ2013ቱ ፈተና የሥነ ዜጋ ውጤት ከድምር ውጭ ሆነ። በዚህ ሁሉ የተማረረው ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ከየትምህርት ቤቱ አውጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ወሰደው። ጥር 2015 ላይ የተነገረው ውጤት አገሩን አስደነገጠ፤ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017ቱ ፈተና ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ።

በሩ እንዲህ ሲጠብ የወረቀት ዋጋ ይወደዳል። ሲጠብ ደግሞ በሐሰት የተያዘች እያንዳንዷ ወንበር የምትወሰደው ከሌላ ሰው ነው። ስለ ተከሳሹ ተማሪ መብት ስንጽፍ ያኛው፣ ስሙ በየትኛውም ፋይል ላይ የሌለው ተበዳይ ይረሳል። ከቋሪት ወይም ከወምበርማ መጥቶ በራሱ ላብ ያመጣውን ውጤት ይዞ የተመለሰው ልጅ ቅሬታ የሚያቀርብበት መስኮት እንኳ የለውም፤ ማን እንደቀደመው አያውቅማ። ስለዚህ መሰረዝን እንደ ጭካኔ የሚያዩ ወገኖች አያሳምኑኝም።

ነገር ግን «ሐሰተኛ ቅበላ» የሚባለው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም፤ ማስረጃውም የመከላከያው መንገድም እንደየዓይነቱ ይለያያል። ቀላሉ የ12ኛ ክፍል ውጤት ካርድ ላይ ቁጥር መቀየር ነው። ውጤቱ በማዕከል፣ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት እጅ ስላለ የመለያ ቁጥሩ ገብቶ በደቂቃ ይለያል። እዚህ ላይ ተማሪው ምን ሊል እንደሚችል መገመት ይከብዳል፤ ቢሆንም ቁጥሩ ሲገባ ስህተት ተሠርቶ ከሆነ የሚያውቀው እሱ ነውና ይጠየቅ። ከባዱ ሌላ ሰው ማስፈተን ነው። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ማኅተሙ እውነተኛ ነው፣ ውጤቱም በመረጃ ቋት ውስጥ አለ፤ ሐሰተኛው ሰውየው ራሱ ነው። ይህን የሚያወጣው ፎቶው፣ የእጅ ጽሑፉ፣ አሁን አሁን ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥሩ ነው። በነገራችን ላይ በጎጃም የቅኔ ቤቶች ይህ ችግር የለም፤ ከሌላ ጉባኤ የመጣ ተማሪ ወረቀት አያሳይም፣ ቀለሙን እዚያው ይጠየቃል። የተጠረጠረን ተማሪ አስቀምጦ በገባበት ትምህርት ጥቂት ጥያቄ መጠየቅ ለዘመናዊውም ግቢ ነውር ባልሆነ ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት ከ12ኛ ክፍል በታች ያለው ወረቀት ነው፦ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት፣ በክረምት መርሐ ግብር ዲግሪያቸውን ለሚማሩ መምህራን ደግሞ የዲፕሎማ ማስረጃ። የዚህ ሙሉ መረጃ በአገር አቀፍ ማዕከል የለም፤ በአብዛኛው ያለው በትምህርት ቤቱ ሮስተር ላይ፣ በእጅ ተጽፎ፣ በቁም ሳጥን ተቆልፎ ነው። አራተኛው የደረጃ ማስረጃና የብቃት ምዘና ወረቀት፣ ማለትም ሲኦሲ፣ አስመስሎ ወደ ዲግሪ መግባት ነው። አምስተኛው ደግሞ ተማሪው ምንም ሳያጭበረብር ኮሌጁ ራሱ መስፈርት ያላሟላን ሰው የሚመዘግብበት ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሰረዝ ምን ያህል ከእውነት እንደሚያርቅ አስቡት።

ሕጉ ምን ይላል? ለፌዴራል የአስተዳደር ተቋማት ዋናው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ነው። አዋጁ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ባለጉዳዩ እንዲሰማ፣ ውሳኔው በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ፣ ወሳኙ ከአድልዎ የጸዳ እንዲሆን፣ ቅሬታ የሚታይበት አሠራር እንዲኖር ያዛል። በተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ያልረካ ሰው ውሳኔው እንዲከለስለት ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከበላዩ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው ሌላ አካል የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትና መጠቀም በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ መሆኑ ሌላ መስመር ነው፤ ምዝገባን መሰረዝ ግን የዐቃቤ ሕግን ክስ መጠበቅ የለበትም፣ የመረጃ ሚዛኑም አንድ አይደለም።

በናይጄሪያ እነዚህ ሁለት መስመሮች ሲደባለቁ እ.ኤ.አ. በ1986 የማይዱጉሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጉዳይ መጣ። ተማሪዎቹ በእሳት ቃጠሎና በዝርፊያ ተጠርጥረው በዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ተባረሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወንጀል የሆነን ነገር መርምሮ ጥፋተኛ ማለት የፍርድ ቤት ሥራ ነው ብሎ መባረሩን ሻረው። ትምህርቱ ለእኛ የሚጠቅም ነው፦ ኮሚቴው «ይህ ወረቀት ለቅበላ አይበቃም» ማለት ይችላል፤ «አንተ አስመሳይ ነህ» ለማለት ግን አቅሙም ሥልጣኑም የለውም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «በሐሰተኛ ማስረጃ የተሰናበቱ» ብሎ የስም ዝርዝር መለጠፍ ይህን ድንበር የጣሰ ነው።

የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ለፍኖተ ሰላም ሰው ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛ፣ የፌዴራል ነው። ቡሬ ካምፓስ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ ከፌዴራሉ ወገን ነው፤ የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ግን የክልል ተቋም ነው፣ የፌዴራሉ አዋጅ አይደርስበትም። ተማሪዎቹ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ መንገድ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ሆነው ሳሉ አንዱ በፌዴራሉ አዋጅ ሲከራከር ሌላው በኮሌጁ መመሪያና በክልሉ ሕግ ይከራከራል። ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤቱ ሩቅ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን በውክልና ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለተሰጠ ባሕር ዳር ላይ ይታይልኝ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ባሕር ዳር ከፍኖተ ሰላም ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በሰላሙ ጊዜ የግማሽ ቀን ነበር።

አሁን ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ጦርነት ምዕራብ ጎጃምን መሃል ለመሃል ነው የመታው። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው ሞቷል። በ2017 የትምህርት ዘመን ክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን ገልጿል። ትምህርት ቤት ተዘጋ ማለት መምህር ብቻ አይደለም የጠፋው፤ መዝገብ ቤቱም ተዘግቷል፣ ሮስተሩን የት እንዳስቀመጠ የሚያውቀው ሰውዬም ሌላ ከተማ ገብቷል፣ አንዳንዱም ግቢ የጦር ሠፈር ሆኖ ከርሟል። በዚያ ላይ ከጦርነቱ በተለየ ምክንያት ዞኑ ራሱ ተከፍሎ ሰሜን ጎጃም የሚባል ሌላ ዞን ወጥቷል፤ ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ ለነበረው ዞን መምሪያ ይደረግ የነበረው ጥያቄ ዛሬ ለየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚጻፍ መጠየቅ ራሱ ሥራ ሆኗል።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲ «ተረጋግጦ ይላክልን» የሚል ደብዳቤ ወደ አንድ የደጋ ዳሞት ትምህርት ቤት ሲጻፍ ምን እንደሚከተል አስቡ። ምናልባት መልስ አይመጣም። ምናልባት ወረዳው ፋይሉን ሳያይ «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል፤ ይህም ውሸት አይደለም፣ አላገኘውምና። ሬጅስትራሩ በበኩሉ ደንቡ የሚለውን ያደርጋል። ሁሉም ሥራውን ሠርቶ አንድ ተማሪ ሦስተኛ ዓመት ላይ ግቢ ይለቃል።

የስም ችግርም አለ። ገጠር ውስጥ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው ቤት በሚጠራበት ስም ነው። እንበል «አለልኝ» ተብሎ ተመዘገበ። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ የሚኒስትሪ ፈተና ፎርም የሞላው መምህር «አለኸኝ» ብሎ ጻፈው። አባቱ ደግሞ ለመንግሥት ወረቀት አንድ ስም፣ ለመንደር ሌላ ስም አላቸው። ጂጋ ወይም ማንኩሳ ሄዶ 9ኛ ክፍል ሲጀምር በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስሙ ሦስተኛ መልክ ያዘ። 12ኛ ክፍል በፋይዳ ሲመዘገብ የወረዳው መታወቂያ ላይ ያለው ስም ገባ። ሲፈተሽ አራት ወረቀት፣ አራት ሰው ይመስላል። ይህን ልጅ ለአሥር ደቂቃ የጠየቀ ኮሚቴ ነገሩ ይገባዋል፦ የአብሮ ተማሪዎቹን ስም ይጠራል፣ የክፍል ኃላፊውን ይጠራል፣ ሮስተሩ ላይ ከፊቱና ከኋላው ማን እንደሚቀመጥ ያስታውሳል፣ የፈተና መለያ ቁጥሩን በቃሉ ይዟል። አስመሳይ ይህን ሁሉ አያውቅም። ከወረቀቱ ውጭ ያለው ማስረጃ ከተማሪው አፍ እንጂ ከሬጅስትራሩ ኮምፒዩተር አይወጣም።

ጥሪውም ቢሆን መድረስ አለበት። የትምህርት ተቋማት ማስታወቂያ ዛሬ በቴሌግራምና በድረ ገጽ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከነሐሴ 2015 ጀምሮ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ «በአምስት ቀን ውስጥ ቅሬታ ያላቀረበ ውሳኔውን እንደተቀበለ ይቆጠራል» የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ ቡሬ ዙሪያ ገጠር ላለ ተማሪ እንዳልወጣ ነው። ያልደረሰ መጥሪያ ቀነ ገደብ አያስቆጥርም፤ ይህ በየትኛውም የሥነ ሥርዓት ሕግ የታወቀ ነገር ነው፣ ግቢ ውስጥ ሲገባ ግን ይዘነጋል።

የመሰማት መብት የውጭ አገር ፈሊጥ ነው የሚሉ አሉ። እንግሊዞች ራሳቸው ይህን መብት ሲያስረዱ የሚጠሩት ጉዳይ የዲግሪ ስረዛ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሪቻርድ ቤንትሌይ የተባለውን ሊቅ ሳይሰማ ዲግሪዎቹን ገፈፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1723 ፍርድ ቤቱ እንዲመለሱለት አዘዘ። ከዳኞቹ አንዱ ለፍርዱ ያቀረበው ምክንያት ከኦሪት ዘፍጥረት ነበር፦ እግዚአብሔር ሁሉን እያወቀ አዳምን ከገነት ከማስወጣቱ በፊት ጠርቶ፣ የት እንዳለ ጠይቆ፣ ዕፁን በልቶ እንደሆነ እንዲናገር ዕድል ሰጠው። ይህን ክርክር ከጎጃም ደብተራ በፊት የለንደን ዳኛ መናገሩ ትንሽ ያስቀናል። እኛም ጋ ቢሆን ተሟጋች ፊት ለፊት ቆሞ በተጠየቅ እየተሟገተ፣ ዳኛ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ የሚፈርድበት ሙግት ሩቅ ዘመን አይደለም።

አስቸጋሪው ጥያቄ የጅምላው ነው። ጥፋቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የመቶ፣ የሺህ ሲሆን እያንዳንዱን መስማት ይቻላል? ህንዶች በዚህ ላይ ከማንም በላይ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው መልሳቸው ተመሳስሎ የተገኘባቸው ሦስት ተማሪዎች ሳይሰሙ ውጤታቸው መሰረዙን ሻረ። በ1970 ደግሞ በቢሃር አንድ የፈተና ጣቢያ ሙሉ በሙሉ ሲሰረዝ ያው ፍርድ ቤት እያንዳንዱን መስማት አያስፈልግም አለ፤ ምክንያቱም ቦርዱ ፈተናው አይታመንም አለ እንጂ ማንንም በስሙ አጭበርባሪ አላለም። በማድያ ፕራዴሽ «ቪያፓም» በሚባለው ቅሌት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ሕክምና ትምህርት ቤት የገቡ 634 ተማሪዎች ቅበላ ተሰረዘ። የፈተና ቁጥራቸው ተነካክቶ ጎበዝ ተከፋይ ከከፈለው ተማሪ አጠገብ እንዲቀመጥ መደረጉ ተደርሶበት ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ነበር፤ አንደኛው ዳኛ ዲግሪው ከሚባክን ለአምስት ዓመት ያለ ደመወዝ አገር ያገልግሉበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሦስት ዳኞች ያሉበት ችሎት ግን በማጭበርበር የተገኘ ነገር ጥቅም ሆኖ አይቀርም ብሎ ስረዛውን አጸና።

እኔ ከቪያፓም ይልቅ የ1970ው ልዩነት ነው የሚበልጥብኝ፤ ምክንያቱም የእኛው አፈርሳታ ያንኑ ያውቀዋል። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ አውጡ ይባላል፤ ካልወጣ የጠፋው ንብረት ዋጋ ለሁሉም ይደለደላል። ሁሉም ይከፍላል፣ ማንም ግን ሌባ አይባልም። የ2013ቱ የሥነ ዜጋ ውጤት መውጣት በዚህ መንገድ የሚታይ ነው፤ የጎበዙም የደካማውም ውጤት ወደቀ፣ ማንም በስሙ አልተነካም። ተከፍቶ የነበረ ሰው አለ፣ ግን ክሱ የፈተናው ነው። በአንጻሩ ጥቅምት 2015 በአማራ ክልል ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተና ጥለው ወጡ በተባለ ጊዜ ሚኒስቴሩ ዳግም አይፈተኑም ብሎ የወሰነው በስም በሚታወቁ ሰዎች ላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ መሪ፣ ተከታይ፣ ተገድዶ የወጣ፣ ታሞ የወጣ መኖሩ አይቀርም። ይህን የመለየት ሥራ ከባድ ነው፤ ከባድ መሆኑ ግን የጅምላውን መንገድ ወደ ግለሰብ ቅጣት ለመቀየር አይበቃም።

የግል ኮሌጁን ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው። ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰው የገበሬ ልጅ ከወላጅ በሬ ሽያጭ፣ ወይም ዓረብ አገር ካለች እህቱ በተላከ ገንዘብ ከተማ ገብቶ ይመዘገባል። ኮሌጁ «ሲኦሲህን ኋላ ታመጣለህ» ይለዋል። አራት ዓመት ይከፍላል። የመውጫ ፈተና ሊመዘገብ ሲል የመግቢያ መስፈርት አላሟላህም ተብሎ ስሙ ይወድቃል። የመውጫ ፈተናው በ2015 ሲጀመር ከ150 ሺህ በላይ ከነበሩት ተፈታኞች ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ፤ ከግል ተቋማት ደግሞ ወደ 17 በመቶ ብቻ። ማለት የሚበዛው የግል ተማሪ ችግር ፈተናው ራሱ ነው፤ ስሙ ከመፈተኑ በፊት የወደቀው ግን በቁጥርም አይታይም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ኮሌጁን ሲቀጣ ትክክል ይሠራል። ተማሪው ግን እዚህ ላይ ተጠርጣሪ ሳይሆን ምስክር ነው፤ ማን መዘገበው፣ ምን ተባለ፣ ለየትኛው ደረሰኝ ስንት ከፈለ የሚለውን የሚናገረው እሱ ነው። ሳይሰሙት ሲሰርዙት በኮሌጁ ላይ ያላቸውን ዋና ማስረጃ አብረው ያባርራሉ።

ይህ ሁሉ ምን ይጠይቃል? እንደሚወራው ብዙ አይደለም። ክሱን በጽሑፍ መስጠት፤ ከየትኛው ተቋም የመጣው የትኛው ደብዳቤ ምን እንደሚል ማሳየት፤ መልስ ለማዘጋጀት በቂ ቀን መስጠት፤ ጥርጣሬውን ያነሳው ሬጅስትራር ኮሚቴው ውስጥ እንዳይቀመጥ ማድረግ፤ ውሳኔውን ከነምክንያቱ መጻፍ። ለምዕራብ ጎጃም አንድ ነገር መጨመር አለበት፦ «አልተገኘም» የሚል መልስ የመጣው ከተዘጋ ወይም መዝገቡ ከወደመ ትምህርት ቤት ከሆነ የማስረዳት ሸክሙ ለብቻው ተማሪው ላይ እንዳይወድቅ። ያኔ የክልሉ ትምህርት ቢሮ የያዘው የ8ኛ ክፍል ተፈታኞች ዝርዝር፣ የ12ኛ ክፍል የምዝገባ ፎቶ፣ የቀድሞ መምህራን ቃል ይታይ። ቡሬ ላይ የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ፤ ልጁን ከሽንዲ ወይም ከፈረስ ቤት ወደ ሩቅ ግቢ ከማመላለስ ኮሚቴው እዚያ ቢቀመጥ፣ ወይም ከሩቅ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቃሉን እዚያ እንዲቀበሉለት ቢወክል የሚከለክል ሕግ አላየሁም። ተቋሙ እምቢ ካለ ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ አቤቱታ ይቀበላል፣ ለዚያ የፍርድ ቤት ዳኝነት አይከፈልም።

የሚቀረው መልስ ያላገኘ ጥያቄ አለ። ተማሪው ተሰምቶ ነጻ ወጣ እንበል። እስከዚያ ድረስ ግን ምዝገባው ታግዶ፣ ዶርም አስረክቦ፣ ሜስ ካርዱን መልሶ አንድ ሴሚስተር አልፎታል። በእኛ ግቢዎች ብዙ ኮርስ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፤ አንድ ሴሚስተር ያመለጠው ልጅ አንድ ዓመት ይጠብቃል፣ ምናልባትም ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ይቆየዋል። ጉዳዩ እስኪጣራ ክፍል ገብቶ እንዲማር መፍቀድ ውጤቱን ብቻ በእገዳ ማቆየት ነው፤ አጭበርባሪ ሆኖ ከተገኘ የሚጠፋ ነገር የለም፣ ውጤቱ አብሮ ይሰረዛል። ሴኔቶች ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በሌጂስሌሽናቸው ውስጥ ቢጨምሩ ከዚህ በላይ ከዘረዘርኩት ግማሹን ይተካ ነበር።